የመርከቧ መርዶ

አትላንታ አጠገብ፣ ታከር ያለችው ላውንደሪያችን ውስጥ፣ ከመቀበያው ጠረጴዛ በላይ፣ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። አስፋልት የመሰለ ሜዳ ላይ አውሮፕላኖች ተደርድረው፣ በመካከላቸው ሰዎች እንደ ጉንዳን ተበትነው ይታያሉ። ደንበኞች ኤርፖርት ይመስላቸዋል። አትላንታ ውስጥ ኤርፖርት የሚሠራ ሐበሻ በየሰፈሩ ስለማይጠፋ፣ «አባትሽ ኤርፖርት ነበር እንዴ የሚሠሩት?» ይሉኛል። አይደለም። ፎቶው የመርከብ ነው፤ አባቴ ስድስት ዓመት የኖረባት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ እሱም በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ «አሮጊቷ» ነው የሚላት። እናቴ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ስም ነው ያወጣችላት፦ «ጣውንቴ»።

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር፣ አባቴ የናዝሬት ልጅ ነው። ባሕር የሚባል ነገር ያየው በሱዳን በኩል ተሰዶ አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው። ጥሎን ሲወጣ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። እዚህ ደርሶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባሕር ኃይል ገባ። ለምን እንደገባ ሲጠየቅ መልሱ በየጊዜው ይለያያል፤ አንዴ «እናንተን ቶሎ ለማምጣት ብዬ» ይላል፣ አንዴ «ምግቡ በነፃ ነው ስላሉኝ» ይላል። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። መርከቧ ላይ አውሮፕላን አላበረረም፣ መድፍም አልተኮሰም። የተኮሰው ሸሚዝ ብቻ ነው።

መስኮት በሌለው ክፍል፣ ፊት በሚልጥ እንፋሎት ውስጥ የአምስት ሺህ ሰው ልብስ የሚያጥቡና የሚተኩሱ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እሱ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ በዓይኑ ያየው በጣት በሚቆጠሩ ቀኖች ነው፤ ከራሱ በላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድብደባ ግን ቀን ከሌት ሰምቶታል። መርከቧን የሚያውቃት በእድፏ ነው። ላይ፣ እሱ «ጣሪያው» በሚለው በረንዳ ላይ የሚሠሩት ሰዎች እንደየሥራቸው ቀለሙ የተለየ ሹራብ ይለብሳሉ፤ ነዳጅ ቀጂው ሐምራዊ፣ ቦምብ ጫኙ ቀይ፣ አውሮፕላኑን እየመራ የሚያቆመው ቢጫ። ሹራቦቹን እንጂ ሰዎቹን ብዙም አያውቃቸውም። ከሁሉም የሚያማርረው በማሽን ክፍሉ ሰዎች ነው፤ የነሱ ቅባት በምንም አይለቅም ነበር አሉ።

ከዚያ ያመጣው አንድ ልማድ ቤታችንን ገዝቷል። የመርከበኛ ልብስ ማስቀመጫ ጠባብ ስለሆነ ሸሚዝ የሚታጠፈው ስንዝር ተኩል ስፋት እንዲኖረው ነው፤ ከዚያ አይበልጥም፣ ከዚያ አያንስም። እኔ ሎረንስቪል ባለው ቤታችን ሰው የሚያስተኛ ቁም ሳጥን እያለኝ ስንዝር ተኩል ነው የማጥፈው። ታናሽ ወንድሜ ፋርማሲስት ነው፤ እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ አማርኛውን እንደ ሽንኩርት ከትፎ ከእንግሊዝኛ ጋር ያቁላላዋል፤ እሱም ግን ስንዝር ተኩል ነው የሚያጥፈው። ሱቋን ከአባቴ ስረከብ ሌላ ብዙ ነገር ለውጫለሁ፣ አስተጣጠፉን ግን አልነካሁም።

ሌላው ሰው የዘመዶቹን ጤና እንደሚከታተል፣ አባቴ ጡረታ የወጡ መርከቦችን ዕጣ ይከታተላል። ምሳ እየበላን ድንገት «ያቺን ፍሎሪዳ አጠገብ ያሰመጧትን ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ዓሣ እንዲኖርባት ሆን ብለው ያሰመጧት አንድ አለች፤ ሰዎች የኦክስጅን ጋን አዝለው እየጠለቁ ይጎበኟታል። ሌላዋን ደግሞ የራሳቸው ሰዎች በቦምብ እየደበደቡ ምን ያህል እንደምትችል ከፈተኗት በኋላ ወደ ጥልቁ ለቀቋት። አንዷ ሰፍታ በፓናማ ቦይ ስለማታልፍ ደቡብ አሜሪካን ዞራ ነው ቴክሳስ ድረስ ተጎትታ የሄደችው፤ ልትቆራረጥ። በኑክሌር የሚሠሩትማ ሞተው እንኳ ቶሎ አይቀበሩም፤ ሆዳቸው ውስጥ ባለው ጨረር ምክንያት ዓመታት ወረፋ ይጠብቃሉ። ከሌሎቹ አንዳንዶቹን መንግሥት በአንድ ሳንቲም መሸጡን የሰማ ቀን አባቴ ሳቀ፣ ተናደደ፣ እንደገና ሳቀ። «መሬት ወድቃ ብትገኝ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳት የሌለ ሳንቲም!» አለ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ቆራሌው እንኳ የተሻለ ይሰጥ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ጆግ ይለውጥልሃል» አለችው።

ዕድለኞቹ ሙዚየም የሆኑት ናቸው። አንደኛዋ ሳውዝ ካሮላይና፣ ቻርለስተን አጠገብ ቆማለች፤ አምስት ሰዓት ነድቼ ወስጄዋለሁ። ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ አውሮፕላን ስር ፎቶ ሲነሳ እሱ ቀጥታ ወደ ታች ወረደ። ላውንደሪው ፊት በገመድ ተዘግቷል። ገመዱን ተደግፎ ረጅም ጊዜ ካየ በኋላ፣ ለአስጎብኚው መተኮሻ ማሽኑን ገልብጠው እንዳስቀመጡት ነገረው። ልጁ በትሕትና አመሰገነው፤ የሚያስተካክለው ግን አይመስለኝም።

የአባቴ መርከብ በሰሜን በኩል አንድ ወደብ ላይ ታስራ ቆማ ነበር፤ ከጎኗ እንደሷ የተጣሉ ሌሎች አሉ። የድሮ ባልደረቦቹ ሙዚየም ትሁን እያሉ ዓመታት ደብዳቤ ጻፉ፤ እሱም ጻፈ። እንደማይሆን ሲታወቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ሳይቆርጧት አንድ ቀን ልያት። መግባት አያስፈልገኝም፤ ከሩቅ ይበቃኛል።» እወስድሃለሁ አልኩት። አንድ ዓመት በረዶ ነው አልን፣ አንድ ዓመት የእናቴ ጉልበት፣ አንድ ዓመት ሱቁን የምትይዝልኝ ልጅ ለቀቀችብኝ። እሱ አልነዘነዘኝም። በየዓመቱ አንዴ ብቻ «አሮጊቷስ?» ይለኛል፤ «ዘንድሮ እንሄዳለን» እለዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አባቴ ደረቱን ይዞት ሆስፒታል ገባ። በልቡ ቧንቧ ውስጥ ስቴንት የሚሉትን የሽቦ ቱቦ አስገቡለት። በአምስተኛው ቀን ወደ ቤት መጣ፤ ከስቶ፣ ግን ምግቡን እያማረረ፣ ማለትም ደህና ሆኖ። ናዝሬት ላለው ታላቅ ወንድሙ፣ ሁላችንም ጋሼ ለምንለው፣ ጉንፋን ነው አልነው። ጋሼ ሸምግሏል፤ ለምን ይረበሽ? ይህን ውሸት የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ስዋሽም ምንም አልተሰማኝም። እኛ ቤት ይህ እንደ ውሸት አይቆጠርም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የባልደረቦቹ ማኅበር የሚያወጣት ትንሽ መጽሔት ሱቁ ፖስታ ሳጥን ውስጥ መጣች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አሮጊቷ አለች። ተሸጣለች። በዚያው ወር ጎታች መርከብ ይዟት ይወጣል፤ በአትላንቲክ ዳር ወርዳ፣ ፍሎሪዳን ዞራ፣ ቴክሳስ ካለው የመቁረጫ ወደብ ትገባለች። መንገዱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል። ስትገባ ለማየት የሚፈልግ የወደቡ አፍ ላይ ያለው ባሕር ዳርቻ ይገናኝ ይላል። መጽሔቷን ስንዝር ተኩል አጥፌ፣ ባለቤት ያጡ ልብሶች ቲኬት የምናኖርበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ድስት እያማሰለች ነበር፤ ማማሰሉን ሳታቆም «አሁን አይነገረውም» አለች። «ልቡ ይጥና። ከዚያ በወጉ ይነገረዋል።»

ወንድሜን ደወልኩለት። «ሲሪየስሊ?» አለኝ። «መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፣ ፕሬሸሩ ኖርማል ነው። ላይክ፣ መርከብ እኮ ናት። ጀስት ንገሪው፣ እሱ ራሱ ዲሳይድ ያድርግ።»

«እናታችን ይቆይ ብላለች።»

«ኦኬ። ግን እኔ አግሪ አላደረግኩም።»

አለመስማማቱን አስመዝግቦ ስልኩን ዘጋ። እኔ ግን የማውቀውን መንገድ ያዝኩ። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ናዝሬት ያረፈችው እሱ ባሕር ላይ እያለ ነው። ጋሼ ለወራት «ሁላችንም ደህና ነን» እያለ ይጽፍለት ነበር። መርከቧ ተመልሳ ወደቧ ከገባች በኋላ፣ ከተማው ውስጥ የነበሩ ጥቂት ሐበሾች በማለዳ ቤቱ ሄደው አረዱት። አባቴ ይህን ሲያወራ አንድም ቀን ጋሼን ሲወቅስ አልሰማሁም። «ጋሼ አዋቂ ነው፤ በባሕር መካከል ብሰማው ምን እሆን ነበር?» ይላል። እንግዲህ የሚበጀው ይህ ነው ብዬ አደግሁ። የምወዳት አክስቴ ስትሞትም እስከ ፈተናዬ ማለቂያ ደብቀውኛል፤ አንድ ዓመት ተቀይሜ ነበር። ያን ቂሜን ግን በዚያ ሰሞን አላስታወስኩትም።

መደበቁ አልከበደም። አባቴ ስልኩን ለመደወልና ስብከት ለማዳመጥ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። የፈራሁት አላባማ ያለውን ጓደኛውን ነው፤ መርከቧ ላውንደሪ ውስጥ አብረው የሠሩ፣ በየእሑዱ የሚደዋወሉ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ደውዬ እንዳይነግሩት ለመንኳቸው። መጀመሪያ የምለው አልገባቸውም። ሲገባቸው፣ አባትሽን ዋሽቼው አላውቅም፣ ስለዚህ እስክትነግሪው ድረስ ባልደውል ይሻላል አሉኝ። መደወል አቆሙ። አባቴ በሁለተኛው እሑድ «ሰውዬው ታሞ መሆን አለበት» አለ። ደወለ፣ አላነሱም። በዚያ ሳምንት ሙሉ ለሳቸው ሲጨነቅ አየሁት፤ እኔም ዝም አልኩ።

ጎታቹን መርከብ በስልኬ እከታተለው ነበር። መርከቦች የት እንዳሉ የሚያሳይ አፕ አለ፤ ጎታቹ በካርታው ላይ ትንሽ ቀስት ነው። ጠዋት ሱቅ ስከፍት አያለሁ፣ ማሽኑ ሲዞር አያለሁ፣ ሎረንስቪል ለመግባት መንገድ ሲዘጋጋ ቆሜ አያለሁ። ቨርጂኒያን አለፈ። ሁለቱን ካሮላይናዎች አለፈ። አንድ ማክሰኞ ከሳቫና ፊት ለፊት ሆነ፤ ከኛ አራት ሰዓት መንገድ ማለት ነው። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ስለሚሄድ በዓይን ይታይ አይታይ አላውቅም። የባልደረቦቹ ማኅበር ግን በጀልባ ወጥተው ስታልፍ የሚያዩ ሰዎች እንዳሉ ጽፎ ነበር።

በዚያ ማክሰኞ አባቴ ሱቅ ነበር። ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ስላለው በሳምንት ሁለት ቀን ይዤው እመጣለሁ። ፎቶው ስር ከፍ ያለች ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሸሚዝ ያጥፋል።

«ከጠዋት ጀምሮ ስልክሽ ላይ ተተክለሻል፤ ምን አገኘሽ?» አለኝ።

«ትራፊክ ነው የማየው፣ አባዬ።»

«እንዴት ነው?»

«ቀስ እያለ ነው።»

«ይሄ 285 መንገድ ደግሞ መቼ ፈጥኖ ያውቃል» አለና የያዘውን ሸሚዝ ክምሩ ላይ አኖረ።

ከዚያ ቀና ብሎ ፎቶውን አየ። በየቀኑ ያየዋል፤ ስለዚህ የተለየ ነገር ነበር ብዬ አልዋሽም። ነገሩ ግን አፌ ላይ መጣ። ቁልፉን አንስቼ «ተነስ እንሂድ» ብለው ለምሳ ሰዓት ሳቫና እንደርሳለን። ሞተር ጀልባ የሚያከራይ አይጠፋም። ልቡ በመንገድ ላይ ቢይዘውስ አልኩ። እናቴ ምን ትለኛለች አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚወሰድ የሠርግ ልብስ ነበረብኝ። ሸሚዝ መተኮሴን ቀጠልኩ። አመሻሹ ላይ ቀስቱ ወደ ፍሎሪዳ ወርዶ ነበር።

አሮጊቷ ቴክሳስ የገባች ቀን ቪዲዮውን ሱቁ ጀርባ ቆሜ አየሁት። በጭጋግ ውስጥ መጀመሪያ ጥላዋ መጣ፤ ከዚያ ራሷ፣ ዝጋ፣ ቀለሟ ተላልጦ፣ ሰው የሌለባት፣ በትናንሽ ጀልባዎች ተከባ። ዳርቻው ላይ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል፤ አንዳንዱ ወንበር ይዞ መጥቷል። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ይሰጧታል። ከነሱ መካከል ዱላ ተደግፈው የቆሙትን አወቅኋቸው፤ ሱቃችን ውስጥ ፎቷቸው አለ። የአላባማው ሰውዬ ናቸው። አልታመሙም ነበር።

ለእናቴ ሳሳያት እንባዋ መጣ። በጣውንቷ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና «በይ፣ አሁን ጊዜው ነው» አለች። «በስልክ አይደለም፣ በወሬ አይደለም። አባታችን ይምጡና በወጉ ይንገሩት።» የአባቴን የንስሐ አባት ማለቷ ነው። ካህኑ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ለብረት መርዶ ይኬዳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አስረዳቻቸው፤ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ብቻ እሺ አሉ። ከእድሩ ሁለት ሽማግሌዎችም አብረዋቸው ሊመጡ ተስማሙ። አንደኛው ኮንየርስ መጋዘን የሚሠሩ ስለሆነ ቅዳሜ ይሻላል ተባለ። ወንድሜን ና አልኩት፤ «ይሄ ኢንሴን ነው» አለና መጣ።

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ሻይ በቴርሞስ አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ ለቀስተኛ ቤት እንደሚቀርብ እዝን ደርድራ ጨርሳለች። አባቴ ከኔ ቀድሞ ወርዶ በሩን ከፈተ። ካህኑ በነጭ፣ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳው ላይ ቆመዋል።

እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ ፊቱን አየሁት። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ ሦስት ሰው በር ላይ ቆሞ ሲገኝ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም የኛ ሰው አይነገርም። የመርከቧን ነገር ስናስብ ይህን አላሰብነውም። በሩን ይዞ ቆመ። ከዚያ «ጋሼ ነው?» አለ። ድምፁ የሱ አልነበረም።

«አይደለም፣ አይደለም ልጄ» አሉ ካህኑ። «ግባና ተቀመጥ።»

«ጋሼ ነው። ንገሩኝ።»

ወንድሜ ሮጦ ያዘው። «ዳዲ፣ ማንም አልሞተም! ኖባዲ! መርከቧ ናት!»

አባቴ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። ካህኑ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ባሕር ዳርቻ አይተው የማያውቁ የጎጃም ሰው፣ ስለ መርከብ ተናገሩ። ሁሉም ፍጥረት መጨረሻ እንዳለው፣ መርከቧም ተሽጣ ለመቆረጥ ቴክሳስ መድረሷን ነገሩት። በልማድ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለው ጨረሱ፤ አንደኛው ሽማግሌ መሬት መሬት አየ።

አባቴ መጀመሪያ «ተመስገን» አለ። ሁለቴ አለ። ወዙ እስኪመለስ ጠበቅን። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«መቼ ነው የተጎተተችው?»

«ሦስት ሳምንት ይሆናታል።»

«በየት በኩል?»

«በዚህ በኩል። በሳቫና።»

«መቼ አለፈች?»

«ባለፈው ሳምንት አይደለም፣ በዚያኛው ማክሰኞ።»

አሰበ። ሳምንቱን ወደኋላ ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ማክሰኞ ሱቅ ነበርን» አለ። «ትራፊክ ነው ያልሽኝ።»

አዎ አልኩት። ከዚህ በላይ ያፈርኩበት ቀን አላስታውስም።

እናቴ «ለልብህ ብለን ነው» አለች። «እናትህስ ስታርፍ ጠብቀው አይደል የነገሩህ? አንተው አይደለህ ጋሼ አዋቂ ነው የምትል?»

አባቴ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የቆጣሪ ንባብ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ።

«የእናቴን መርዶ ስለደበቁኝ አልተቀየምኩም። ሞታለች፤ ብሰማም ባልሰማም አላስነሳትም። ግን እናቴ ከመሞቷ በፊት ሦስት ወር አልጋ ላይ ነበረች። ይህን ለማንም አላወራሁም። ሦስት ወር ሙሉ የሚመጣው ደብዳቤ ደህና ናት ይላል። እኔ ታች ተቀምጬ ሸሚዝ አጥፋለሁ። ቢነግሩኝም መሄድ አልችልም፤ ደርግ ነው ያለው። ግን ‘እንዴት አደርሽ፣ ተሻለሽ ወይ’ ብዬ እጽፍላት ነበር። አንድ ደብዳቤ። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።»

ሻዩን የቀዳው የለም።

«የሞተ ይቀበራል፣ የታመመ ይጠየቃል» አለ። «አሮጊቷ አልሞተችም ነበር። እየሄደች ነበር። ሳትሞት ለምን ቀበራችኋት?»

ከዚያ ተነስቶ ስልኩን ፈለገ። አላባማ የሚደውል መስሎኝ ቁጥሩን ላወጣለት ተነሳሁ። እሱ ግን መነጽሩን አድርጎ፣ ናዝሬት ያለውን ቁጥር ራሱ፣ አንድ በአንድ ነካ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ረጅም ጠርቶ ተነሳ፤ የጋሼ «አቤት» ክፍሉን ሞላው፤ አባቴ ስፒከር ላይ ሳያውቅ አድርጎታል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ምነው? ምን ሆነሃል በዚህ ሰዓት? እዚያ ገና አልነጋም አይደል እንዴ?»

«ያ ጉንፋን አልነበረም። ልቤን ታምሜ ነበር። ሆስፒታል ገብቼ ቧንቧዬን አስከፍቼ ነው የወጣሁት።»

ጋሼ «ታዲያ እንዴት አትነግረኝም!» ብሎ ጮኸ። ሰባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ግን የታናሹን ጆሮ ለመጎተት የሚያንስ አልነበረም። «ወንድምህ አይደለሁም? ሞተህ ልሰማ ነበር?»

«ካንተ ተምሬ ነው፣ ጋሼ» አለ አባቴ። ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር። «አሁን እንኳ ጠይቀኝ። ገና አለሁ።»

ከናዝሬት በኩል ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ጋሼ ተቀመጠ መሰለኝ። ከዚያ የታመመ ቤት ገብቶ አልጋው አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «እንዴት ነህ፣ ወንድሜ? ተሻለህ ወይ?» አለው።